የላጋሽ ሠራዊት በደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ላይ የፈርዖንን ሠራዊት ማየት የሚፈልግ ሰው በጠባሴ በኩል ገባ ብሎ የመምህር ደምመላሽን ቤት ይጠይቅ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያሳየዋል። ሌላው ሰው ቡፌው ውስጥ ብርጭቆና ለሠርጉ የተሰጠውን ስኒ ይደረድራል። በደምመላሽ ቡፌ ውስጥ ግን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ግብፆች ጋሻቸውን አንግበው፣ ከመካከለኛው ላይ የኩሽ ቀስተኞች ቀስታቸውን ገትረው፣ ከታችኛው ላይ ደግሞ የአካድ ሰዎች ጦራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከሁሉም ረጅሙ የአውራ ጣት ያህል ቢሆን ነው።

ባለቤቱ ንጋቷ ያንን ቡፌ የገዛችው ለብርጭቆዎቿ ነበር። ስለዚህ እንግዳ መጥቶ ብርጭቆ ፍለጋ ወደ ጓዳ በገባች ቁጥር የምትለው አይጠፋትም።

«ፈርዖን ከነሠራዊቱ እኔ ቡፌ ውስጥ ገብቶ ቀረ» ትላለች ለእንግዳው። «ባሕረ ኤርትራ እዚህ የለ፣ በምን ላስጥመው?»

ደምመላሽ ይስቃል። አይከራከራትም። በአርባ ዓመት ትዳራቸው ንጋቷ በዚህ ሠራዊት ስትቀልድበት ኖራለች እንጂ አንዱን ወታደር እንኳ በእጇ ነክታ አታውቅም። አቧራቸውን የሚያራግፈው እሱ፣ ስማቸውን የሚያውቀው እሱ፣ ቦታቸውን የሚቀያይረው እሱ። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቢያመጡለት አይቀበልም፤ ፈረስ የተቀመጠ እንኳ ለእሱ የትናንት ሰው ነው። «እኔ የምሰበስበው ጦርነት ገና ሲጀመር የነበሩትን ነው» ይላል፤ «የኋለኞቹማ መቼ ጠፉ?»

ነገሩ የጀመረው ሰላ ድንጋይ ነው። ወጣት የታሪክ አስተማሪ ሆኖ እዚያ ሲመደብ በእጁ የነበረው ሽፋኑ የተገነጠለ የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ብቻ ነበር። የጤግሮስና የኤፍራጥስን አገር ለተማሪዎቹ ሊያስረዳ ሲሞክር፣ ልጆቹ እንደ በግ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ያን ጊዜ በእንጨት ገበታ ላይ አሸዋ አፍስሶ ሁለቱን ወንዞች በጣቱ አሰመረ። ቀጥሎም ከጭቃ ትንንሽ ሰዎች ሠርቶ በወንዞቹ መካከል አቆመ። በማግሥቱ ክፍሉ ከሌላ ክፍል በመጡ ልጆች ጢም ብሎ ሞላ። ስሙም በዚያው ሳምንት፣ በጥንቱ የባቢሎን ንጉሥ ስም፣ «ሐሙራቢ» ሆኖ ቀረ።

በዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን አይቶ ተደነቀ። በእሱ አገር ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያሉትን ሠራዊቶች ሰብስበው፣ በጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ሕግ አውጥተው እንደሚዋጉባቸው ነገረው። ወደ አገሩ ሲመለስም በትንሽ ሣጥን የያዛቸውን ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ግብፆች ትቶለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደምመላሽ ሠራዊት መሰብሰቡን አልተወም። ከውጭ የሚመጣው ለኪሱ የሚሆን ስላልነበረ፣ የቀሩትን ከአንኮበር ወረድ ብላ የምትኖር ማርያማዊት የምትባል ሸክላ ሠሪ ትሠራለታለች፤ እሱ ጢማቸውንና የጋሻቸውን ጌጥ ጭቃው ሳይደርቅ በወስፌ ይቀርጻል፣ እሷ በእሳት ትተኩሳለች።

ግን ጦርነት ብቻውን የሚዋጋ የለም። የደምመላሽ ባላጋራ ገብረአብ ነበር።

ገብረአብ በሰላ ድንጋይ የሒሳብ አስተማሪ፣ ጎረቤቱም፣ ጓደኛውም ነበር። የጨዋታውን ሕግ ያስተካከለው እሱ ነው። ሠራዊቶቹ በየተራ ይንቀሳቀሳሉ፤ ርቀቱ በስንዝርና በጣት ይለካል፤ ሁለት ጭፍራ ሲገናኝ ዳይስ ይጣላል፤ የተሸነፈው ከገበታው ይወርዳል፤ ጦርነቱ የሚያልቀው ንጉሡ ሲማረክ ነው። ዳይሱንም ገብረአብ ራሱ ከወይራ ጠርቦ፣ ነጥቦቹን በጋለ ሚስማር በስቶ ነው የሠራው። የሁለቱ ሰዎች ጠብ ሁሉ ከስንዝር የመጣ ነበር። «ያንተ ስንዝር ከእኔ በጣት ይበልጣል» ይላል ደምመላሽ። «ታዲያ እግዜርን ክሰሰው» ይላል ገብረአብ። እንዲህ ሲባባሉ ጡረታ ወጡ፤ ደምመላሽ ደብረ ብርሃን ገባ፣ ገብረአብ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ጅሩ፣ ወደ እነዋሪ ተመለሰ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ይገናኙ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከከረመ ወዲህ ግን እሱም ቀረ።

የዘንድሮው ጨዋታ የተለየ ነበር። ገብረአብ ለዐቢይ ጾም መያዣ ስልክ ደውሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓይኔ ታሟል» አለው። «ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለኝ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው። ለማንም እንዳትናገር፤ ለንጋቷም ቢሆን። ሰው እያየ ከንፈሩን እንዲመጥልኝ አልፈልግም።»



«ስማኝ፣ ሐሙራቢ» አለ ገብረአብ ቀጥሎ። «ሳይጨልምብኝ አንድ ውጊያ እፈልጋለሁ። ላጋሽና ኡማ።»

ላጋሽና ኡማ በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል የነበሩ የሱመር ከተሞች ናቸው። በሁለቱ መካከል የነበረ አንድ ለም እርሻና አንድ የውኃ ቦይ፣ ከአራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት አዋጋቸው። ታሪካቸው በጽሑፍ ከቀረልን ጦርነቶች ይህ ከመጀመሪያዎቹ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ይህን ውጊያ ሲመኙ ነው የኖሩት። ያልቻሉበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ሱመራውያን ስለሆኑ ጋሻቸው አንድ፣ ጦራቸው አንድ፣ የአህያ ሠረገላቸው አንድ ነው። አዲስ ሠራዊት አሠርቶ በቀለም ካልለዩአቸው በቀር ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ላጋሽን ቀይ፣ ኡማን ነጭ አድርግልኝ» አለ ገብረአብ። «ደማቅ ይሁን። ቀይና ነጭ ገና አልጠፋብኝም። እነዚህን ሁለቱን ከለየሁ እዋጋለሁ።»

ደምመላሽ ቃል ገባ። ማርያማዊት ሠራችለት፣ ተኮሰችለት። እሱም ጓዳ ተቀምጦ ላጋሾቹን በውኃ በተበጠበጠ ቀይ አፈር፣ ኡማዎቹን በኖራ ቀባ። ቀጠሮው ለእሑድ ነበር። ሲቀባ የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሸክላው በነካው ቁጥር ይሸራረፋል። «ይኸው ደግሞ የአህያዋ ጆሮ ወለቀ!» ይላል ከጓዳ። «ኧረ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረብኝ! እሑድ ድረስ አንድም ሰው አይተርፈኝም!»

ንጋቷ ይህን ከማዕድ ቤት ሆና ትሰማ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደምመላሽ ለገበታው አዲስ አሸዋ ሊያመጣ ወደ በሬሳ ወንዝ ወረደ። ግማሽ ጆንያ ያህል ተሸክሞ፣ በብርዱ አፍንጫው ቀልቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የግቢው በር ላይ የጎመን ዘር ጭስ ተቀበለው። ያ ሽታ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሸክላ እየተሟሸ መሆኑን የሚናገር ሽታ ነው። ጎመን ዘር ተወቅጦ፣ አዲሱ ሸክላ በእሱ ታሽቶ፣ እሳት ላይ እስኪጠቁርና እስኪወዛ ድረስ ይጨሳል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ አይጠጣም፣ አይሰነጠቅም።

«ንጋቷ፣ አዲስ ድስት ገዛሽ እንዴ?» አለ ከውጭ።

«ና ግባና እይ!» አለች። ድምፅዋ የድል ድምፅ ነበር።

ደምመላሽ ጆንያውን እንደተሸከመ ጎንበስ ብሎ ወደ ማዕድ ቤቱ ገባ። እሳቱ ላይ ትልቁ ብረት ድስት ተጥዷል። ንጋቷ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በእንጨት ማማሰያ ውስጡን ታገላብጣለች። ድስቱ ውስጥ የሚገላበጠው ነገር ጋሻ ነበረው። ጢም ነበረው። የአህያ ጆሮ ነበረው።

ጆንያው ከትከሻው ወርዶ መሬት ላይ ተዘረገፈ።

የላጋሽ ሠራዊትና የኡማ ሠራዊት በአንድ ድስት ውስጥ፣ እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ ከራስ እስከ እግራቸው እንደ ጀበና ጠቁረው፣ ቅባታቸው እያንጸባረቀ ይጨሳሉ። ቀይ የለም። ነጭ የለም።

«አየህ!» አለች ንጋቷ፣ አንዱን በጨርቅ አንሥታ ወደ ዓይኑ እያስጠጋች። «እንግዲህ ብትጥለውም አይሸራረፍም! አርባ ዓመት ሙሉ ሸክላ ስትሰበስብ ሳይሟሽ እንደሚሰባበር የሚነግርህ ሰው ይጥፋ? ጠዋት እንደወጣህ ነው የጀመርኩት። ጋሽ ገብረአብም ይመጣሉ፣ ሰው ፊት አታፍርም ብዬ እኮ ነው።»

 ደምመላሽ የበሩን መቃን ያዘ።

«ቀለሙስ?» አለ።

«የቱ ቀለም?»

«ቀዩ... ነጩ...»

«ቀዩማ የሸክላው የራሱ ነው እንጂ» አለች ንጋቷ ግራ ተጋብታ። «ነጩ ደግሞ የምድጃው አመድ መስሎኝ በጨርቅ ወልውዬ ነው ያስገባሁት። ሸክላ ሠሪዎቹ መቼ አመዱን ያራግፋሉ?»

ደምመላሽ ዱካው ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ኖሮ ለእሷም በቀለላት። ፊቱ ላይ ያየችው ግን ሰው ሲሞት ብቻ ያየችውን ዓይነት ድርቀት ነበር። ማማሰያውን ጣል አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ደምመላሽ፣ ኧረ አናግረኝ። ምን አጠፋሁ?»

የተከለከለውን ነገር ነገራት። የገብረአብን ዓይን፣ ቀይና ነጭ ብቻ መቅረቱን፣ ይህ የመጨረሻው ውጊያ መሆኑን። ንጋቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። የሁለቱ ዓይን እየቆየ ወደ ድስቱ ይመለሳል፤ ድስቱም እየጨሰ ነበር።

«እናቴ ድረሽ!» አለች። «በገዛ እጄ! አንድ ቀን ልርዳው ብዬ ብነሣ!»

ያን ቀን አልተቀመጡም። በሙቅ ውኃና በአመድ ፈተጉአቸው፤ ጥቁረቱ ይበልጥ አማረበት። ኖራ በጠበጡ፤ ኖራው ከቅባቱ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። ቀይ አፈሩም እንደዚያው። ደምመላሽ ሌላ ሠራዊት ሠርታ ትደርስለት እንደሆነ ሊጠይቃት ወደ ማርያማዊት ስልክ ደወለ።

«በዚህ ጉም ነው መምህር?» አለችው ማርያማዊት። «ሳይደርቅ እሳት ከገባ ይፈነዳል፤ ሌላ ልሥራልዎ ብል ለእሑድ አይደርስም። ግን ጥቁሩ ምን አደረገዎ? እኛ እንዲህ እንዲጠቁር አይደለም እንዴ የምንለፋው? ማን እንዳሟሸልዎ አላውቅም እንጂ እጇ ይባረክ።»

ደምመላሽ ስልኩን ዘጋ። የቀረው ዘዴ አንድ ነበር፤ በማግሥቱ ከቀለም ሱቅ የዘይት ቀለም ገዝቶ መቀባት። ብርዱ ባያደርቀውም ምድጃ አጠገብ ቢያስቀምጠው እስከ እሑድ ይይዝ ይሆናል። በዚህ ተስፋ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈተ።  ገብረአብ ነው።

«መንገዱ ክፍት ሳለ ልምጣ ብዬ ነው» አለ ገብረአብ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ። «እሑድ ድረስ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?» የእኅቱ ልጅ ፍቃዱ ክንዱን ይዞታል። «ድንጋዩ አንሸራቶኝ ነው የያዘኝ» አለ ገብረአብ ማንም ሳይጠይቀው። ፍቃዱም የሚገዛው ዕቃ እንዳለው፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንደሚወስደው ተናግሮ ሄደ።

ሰላምታው አለቀ፣ ቁርስ ቀረበ፣ ገብረአብ ሳይጨርሰው እጁን ታጠበ።

«ይኸውልህ፣ ሐሙራቢ፣ ለቁርስ አይደለም ከእነዋሪ የመጣሁት። ሠራዊቱን አሰልፍ።»

ደምመላሽ ወደ ንጋቷ አየ። ንጋቷ ወደ መሬት አየች። ሌላ መላ ስላልነበረ የአሸዋውን ገበታ መስኮቱ አጠገብ አቀረበ፤ ቦዩን በጣቱ አሰመረ፤ እርሻው እንዲሆን አንድ እፍኝ ለምለም ሣር በመካከሉ ነሰነሰ። በወዲህ ላጋሽን በወዲያ ኡማን ደረደረ። እሱ ራሱ ማን ማን እንደሆነ ስለማያውቅ እንዲያው ለሁለት ከፈላቸው። የቀብር ሰልፍ መሰሉ።

«ገብረአብ» አለ፤ «ሠራዊቱ ላይ አንድ ነገር ደርሷል።»

«ምን ደረሰበት? ተሰበረ?»

«አልተሰበረም፤ ግን...»

ገብረአብ ጎንበስ አለ። ፊቱን አሸዋው ጋ ሊነካ እስኪደርስ አስጠጋ። ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ በደስታ እጁን በእጁ መታ።

«አቤት ቀዩ!» አለ። «አቤት! እንደ ድልህ ነው የሚያበራው! ነጩ ደግሞ እንደ ጅሩ ጤፍ! አንተ ሰው፣ እጅህ ይባረክ!»



 ለደምመላሽ ከትናንትናው ድንጋጤ ይህ ባሰ። ትናንት የጠፋው ቀለም ነበር። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጥቁሩን ሠራዊት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ገብረአብም ፊቱን ወደዚያው አቅንቶ ፈገግ ብሏል። ንጋቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ደምመላሽ ራሱን ነቀነቀባት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰጎሰች።

«ላጋሽ የእኔ ነው» አለ ገብረአብ። «ቀዩ።»

«ያንተ ነው» አለ ደምመላሽ።

ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ችግር አልነበረም፤ ሁሉም በየሠፈሩ ነው። ገብረአብ በአንድ እጁ ስንዝሩን ዘርግቶ ይለካል፣ በሌላው ወታደሩን ያስጠጋል። ዳይሱን ሲጥል ግን ደምመላሽ ከዚያ በፊት ልብ ያላለውን አየ። ገብረአብ ወደ ዳይሱ አያይም፤ በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገውና «አምስት» ይላል። አምስት ነው።

«ይህን ጦርነት እኛ ጅሩዎች ከሱመሮች ሳንሰማ ነው የጀመርነው» ይላል ገብረአብ ሠረገላውን እየገፋ። «በድንበር ያልተጣላ ማን አለ? ና እንጂ፣ ምን ትፈራለህ? አህዮችህ ደክመዋል?»

ደምመላሽ ሠረገላውን ወደፊት ገፋ።

ሁለቱ ሠራዊቶች ቦዩ ላይ ተገናኙና ተደባለቁ፤ ማን የማን እንደሆነ የሚለየው ከየት እንደተነሣ ያስተዋለው ደምመላሽ ብቻ ነበር። ያኔ የገብረአብ እጅ ዘረጋ ብሎ የደምመላሽን ወታደር አነሣ፤ አዙሮ በራሱ በኡማ ላይ አዘመተው። ደምመላሽ ዝም አለ። ሌላም አነሣ። ዝም አለ። ኡማ ከኡማ ጋር መዋጋት ጀመረ። ቀጥሎ ገብረአብ ከራሱ ሰዎች አንዱን ገጠመና ዳይስ ጥሎ፣ ዳበሰና፣ «ስድስት! አወረድሁት!» አለ። የራሱን የጦር አለቃ ከገበታው አወረደ።

«ይሁን» አለ ደምመላሽ። «ጎበዝ ነህ።»

የገብረአብ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ጎበዝ ነህ አልሁ።»

«ደምመላሽ» አለ ገብረአብ፤ ሐሙራቢ አላለውም። «እኔ ካወቅሁህ ጀምሮ አንዲት ጣት መሬት ሳትከራከር ለቀህልኝ አታውቅም። ዛሬ ስንዝሬን አልለካህም፤ ዳይሱን አላየህም፤ ጭራሽ ጎበዝ ነህ ትለኛለህ። ምን ሆነሃል? ንጋቷ! ምንድን ነው የሚደረገው?»

ንጋቷ አልቻለችም።

«ሁሉም ጥቁር ነው፣ ጋሽ ገብረአብ!» ብላ አፈነዳችው። «ቀይ የለም፣ ነጭ የለም! እኔ ነኝ ትናንት በጎመን ዘር ያሟሸሁአቸው! የእርስዎን ሰው ከእሱ ሰው ማንም አይለየውም፤ ይቅር ይበሉኝ!»

አሁን የደነገጠው ገብረአብ ነበር።  እጁን ቀስ ብሎ ወደ አሸዋው አውርዶ አንድ ወታደር ያዘ፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ጎመን ዘር» አለ። «ከገባሁ ጀምሮ ይሸተኛል፤ ከጎረቤት ነው ብዬ።» ወታደሩን ከአፍንጫው አወረደው። «ቀይ ነው ስላችሁ ሁለታችሁም ታዩኝ ነበር።»

«ገብረአብ...» አለ ደምመላሽ።

«ቆይ። ልጨርስ። ከሆሳዕና ወዲህ የማየው የመስኮቱን ብርሃን ብቻ ነው። ሌላው ሄዷል። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርህ? ቀይ እቀባለሁ አልከኝ፤ አንተ ደግሞ ዋሽተኸኝ አታውቅም። ስለዚህ ቀይ ሆኖ ታየኝ። እውነቴን ነው፣ ታየኝ።»

ደምመላሽ ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ።

«አታልቅስብኝ!» አለ ገብረአብ ተቆጥቶ። «ዓይኔ ስለሄደ አይደለም የተናደድሁት። አዝነህልኝ እንድረታ ስለተውከኝ ነው! ባዝንልህ ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን ባልረታሁህ! እኔ ከእነዋሪ ድረስ የተንከራተትሁት የምታዝንልኝን ሰው ፍለጋ ነው? እሱማ እዚያው ሞልቶልኛል፤ ከቤቴ ሳልወጣ፣ በየበሩ!»

 ገብረአብ ይህን ሲናገር በእጁ ያለውን ወታደር ያለማቋረጥ ያገላብጠው ነበር፤ ጢሙን፣ ጋሻውን፣ ጦሩን። ትንፋሹ እየረጋ መጣ።

«ለስላሳ ነው» አለ ለራሱ። «እንደ በፊቱ አይሸራረፍም። ንጋቷ፣ የሠራሽው ሥራ ጥሩ ነው። ችግሩ የማንን ሰው እንደያዝሁ አለማወቄ ነው።»

ንጋቷ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ወደ ጓዳ ገብታ የፈትል ልቃቂት ይዛ ተመለሰች። ከገበታው ግማሹን ሠራዊት ወደ ቀሚሷ ሰብስባ፣ በየአንገታቸው ፈትል አሥራ፣ በጥርሷ እየቆረጠች አንድ በአንድ መልሳ አቆመቻቸው። የመጀመሪያውን በገብረአብ እጅ አስቀመጠችለት። ገብረአብ አንገቱን ዳሰሰ። ቋጠሮውን አገኘ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አልታወቀም፤ ቤቱን ሞላው።

«ማተብ!» አለ። «ኡማዎች ማተብ አሠሩ! ደምመላሽ፣ ሠራዊትህን ሚስትህ አስጠመቀችልህ!»

«አረመኔ ቡፌዬ ውስጥ አላኖርም ብዬ ነው» አለች ንጋቷ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

ገብረአብ የአሸዋውን ገበታ በመዳፉ ጠራርጎ ደለደለ። ሰልፉ እንደገና ተሠራ። ቦዩን ገብረአብ ራሱ በጣቱ አሰመረው፤ ትንሽ ጠመመ።

«ወደ እኔ መሬት ገፍተሃል» አለ ደምመላሽ።

«አልገፋሁም!»

«ገፍተሃል። በሁለት ጣት። መልስ።»

ገብረአብ ፊቱ ፈክቶ መለሰ። ተዋጉ። ደምመላሽ ስንዝሩን ለካበት፤ ዳይሱ ጠርዝ ላይ ሲቆም አስደገመው፤ አንዱ የላጋሽ ጭፍራ ቦዩን ያለተራው ሲሻገር ይዞ መለሰው። የገብረአብ ጣቶች በሠራዊቱ መካከል እየተራመዱ አንገት ይዳስሳሉ፤ ፈትል ያለበትን ሲያገኙ ይቆማሉ፣ የሌለበትን ሲያገኙ ያነሣሉ። አንዳንድ ጊዜ ሙሉውን ሰልፍ ዳስሶ ይጨርስና ጥቂት አስቦ፣ «በግራ በኩል ሦስት አለህ፣ ከኋላቸው ሠረገላ» ይላል፤ ደምመላሽም ዓይን እያለው ያላየውን ክፍተት ያገኝበታል። ንጋቷ በዱካ ተቀምጣ፣ ሕጉን ባታውቅም፣ ለማን እንደምታዳላ ግራ ገብቷት ትመለከታለች።

በስተመጨረሻ ኡማ በቀኝ በኩል ዞረ። ደምመላሽ ዳይሱን ጣለ፤ ስድስት ወጣ። የገብረአብን እጅ ይዞ ዳይሱን አስነካው። ከዚያ እርሻውን ከነሣሩ ወሰደበት።

«ክፉ!» ብሎ ጮኸ ገብረአብ። «ታሪኩ ላይ እንኳ ያሸነፈው ላጋሽ ነው! ለዕውር ሰው አታዝንም?»

«አላዝንም» አለ ደምመላሽ።

«እንዲያ በለኝ!» አለና ገብረአብ ጋቢውን ከትከሻው ላይ ጣለው።

የግቢው በር ተንኳኳ። ፍቃዱ ነው፤ የእነዋሪ መኪና ሞልቶ ሊወጣ መሆኑን ከውጭ ይጣራል። ገብረአብ ራሱን አላነሣም። ጣቶቹ በቀሩት ሰዎቹ መካከል አንድ ነገር ይፈልጋሉ።

«ንጋቷ፣ እስቲ ልጁን አስገቢና ምሳ ስጪው» አለ። «መኪናው ይሂድ። የላጋሽ ንጉሥ ገና አልተማረከም።»